የጮኸችው ቄብ

«ሟርት እኮ ብቻውን አይመጣም፤ ይዞት የሚመጣ ሰው አለ» ስትል ነው ጌጥነሽን የሰማኋት። ጌጥነሽ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት ናት፤ አፏ ከሬዲዮ ይቀድማል። እኔ ማድቤት ሻይ ላይ ጎንበስ ብያለሁ። እሷ ከባሌ እናት ከእማማ አደይ ጋር ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ደግሞ ከዶሮ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ሰርቢስ ክፍል ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ዶሮ ላባዋን ስታራግፍ እንኳ ይሰማል። አባቴ አልሰማም ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም። ይዞት መጣ የተባለው ሰው ደግሞ እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። የእማማ ቀይ አውራ ዶሮ እንደ ወትሮው ጮኸ። እሱ ጮኾ ሳይጨርስ ከቆጡ ዳር የዛገ የበር ማጠፊያ የሚመስል አጭር ድምፅ ተከተለው። ትንሽ ቆየና ደግሞ ደገመው። እማማ አደይ ነጠላቸውን በቅጡ ሳያጣፉ ወጡ። ጌጥነሽ ከየት እንደመጣች እንጃላት፣ ባትሪዋን ይዛ ቀድማቸው ደርሳለች። ቆጡ ላይ ስታበራ አንገቷን አስግጋ የተገኘችው አባቴ ካመጣቸው ሦስት ድንክ ዶሮዎች አንዷ፣ ገብስማዋ ቄብ ናት። ገና እንቁላል ያልጀመረች፣ ከርግብ ብዙም የማትበልጥ። «አበስኩ ገበርኩ! ሴት ጮኸች! ሴት ዶሮ ጮኸች!» አለች ጌጥነሽ ሰፈሩ እስኪሰማ። እማማ ገብስማዋን አዩ፣ ጌጥነሽን አዩ፣ ከዚያ «ሴት ከጮኸችማ ፀሐይ ሳትጠልቅ መታረድ አለባት» አሉ።

በኛ አገር ሴት ዶሮ እንደ ወንድ ከጮኸች ለባለቤቱ ደግ አይደለም ይባላል። ሞት ነው የሚል አለ፣ የቤት መፍረስ ነው የሚል አለ። ሁሉም የሚስማማው በዚያው ቀን ትታረድ በሚለው ነው። ባለቤቱ ስጋዋን አይቀምስም። ጌጥነሽ ይህን ስለምታውቅ ጊዜ አላባከነችም፤ «ሟርቱ የሚይዘው ባለቤቱን እንጂ ጎረቤትን አይደለም፣ ከሚጣል ለኔ ይሁን» ብላ እዚያው ጠየቀች። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም፣ ስጋ ደግሞ በዚህ ኑሮ ከተቀመሰ ሰንብቷል፤ አልፈርድባትም። ፊቷ ላይ ግን ሻይ ብደፋባት ደስ ባለኝ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ይረድ ነበር። ሴት አታርድም። ባሌ ወንዳወቅ ቡሬ ጋራዥ ስለሚሠራ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ነው የሚገባው። ግቢው ውስጥ ያለው ወንድ አባቴ ብቻ ነው። እማማ ወደ ሰርቢሱ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና «አቶ ገነነ፣ ማታ ቢላዋውን እርስዎ ይይዙልናል» አሉ። ከውስጥ «እሺ እሜቴ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰውየው የገዛ ዶሮውን እረድ ተባለ፣ እሺ አለ፣ በቃ። የኔ ሻይ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

አባቴ ፈረስ ቤት ዳር ደጋው ላይ ገብስና ድንች ሲያመርት የኖረ ሰው ነው። እናቴ እህተ ማርያም ካረፈች ወዲህ ጉልበቱም ቤቱም አብረው ዘመሙ፤ እኔ ደግሞ ያለሁለት አንድ ልጅ ነኝ። የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ መንገድ ክፍት በሆነ ሰሞን ሄጄ በግድ አመጣሁት። በግድ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የጎጃም ሽማግሌ የልጁ ባል ቤት ገብቶ ከሚጦር መቃብር ቢወርድ ይመርጣል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ በሩን በገመድ አስሮ ሲነሳ የያዘው ጋቢውን፣ ዳዊቱንና በዘንቢል ሦስት ጫጩቶችን ነበር። እናታቸው የእናቴ ድንክ ዶሮ ነበረች። ፈልፍላቸው ብዙም ሳትቆይ ጭልፊት ወሰዳት፤ ሦስቱን አባቴ በጉያው እያሞቀ አሳደጋቸው። እማማ አደይ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ብለውኝ ነበር፦ «ዶሮ ካላቸው ያምጡ፣ ሴት ከሆነች። አውራ ግን አልፈልግም፤ አምና ሁለት አውራ ተገናኝተው ግቢዬን በደም አጥበውብኛል።» ቃላቸውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና «ሦስቱም ሴት ናቸው» አለኝ። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ አመንኩት።

እማማ አደይ ለዶሮ ያላቸውን ትዕግሥት ያየ ሰው ቅድስት ናቸው ይላል። ጫጩቶቹ የገቡ ቀን ከራሳቸው መንጋ አጠገብ አላደረሷቸውም። «ከሌላ አገር የመጣ ዶሮ ፈንግል ይዞ ይመጣል፣ ፈንግል ከገባ ደግሞ አንድም አይተርፈኝም» ብለው ማድቤቱ ጓሮ ለብቻ አስቀመጧቸው፤ ለቅማሉ ክንፋቸው ሥር አመድ ነሰነሱ። አለመታመማቸውን ሲያረጋግጡ በሽቦ ቅርጫት ከተው መንጋው መሃል አኖሯቸው፤ ይተያዩ ግን አይነካኩ። ቀይዋ ትልቋ ዶሮ፣ የመንጋው አለቃ፣ ሽቦውን ስትወጋ ዋለች። እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ወጊ፣ ወጊ፣ ይወጣልሽ» እያሉ ጥጥ ይፈትላሉ። ቅርጫቱ የተከፈተ ቀን እቅፍ ጎመን በገመድ አስረው ከዛፉ ላይ አንጠለጠሉ። አሮጌዎቹ ለጎመኑ ሲንጠራሩና ሲሻሙ ትንንሾቹ ግቢውን ዞረው አዩ። ምግባቸውንም በሁለት ብሎኬት መሃል፣ ትልቅ ዶሮ የማያስገባ ቦታ ላይ ያደርጉላቸዋል። ሲመሽ ደግሞ መሰላል ላይ ወጥተው አንድ በአንድ በእጃቸው እያነሱ ቆጡ ላይ፣ የዋኋ ነጭ ዶሮ ጎን ያሳድሯቸዋል። «አብሮ ያደረ ጠዋት አይጣላም» ይላሉ። አሁን እንኳ ድንኮቹ ራሳቸው መውጣት ችለው እማማ ሲመሽ እየወጡ ሳይዳስሷቸው አይተኙም።

ለአባቴ ግን ጎመን የሰቀለለት የለም። ክፉ ቃል ተናግረውት አያውቁም፣ እውነቱን ልናገር። በጎም ተናግረውት አያውቁም። «አቶ ገነነ እንዴት አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን እሜቴ» ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። ዝምታው ደግሞ የጠብ አይደለም፤ የክብር ነው። የሁለት አማቾች ክብር፣ ይሉኝታ ላይ ይሉኝታ የተደራረበበት። ልጃችን ባሕር ዳር ለትምህርት ከሄደች ጀምሮ ክፍሏ ባዶ ነው፤ እሱ ግን «ሰርቢሱ ይበቃኛል» አለ፣ እሳቸውም «እንደ ፈቃድዎ» አሉ። ገበታ ላይ ከወንዳወቅና ከእማማ ጋር ይቀርባል፣ ሁለት ሦስቴ ይጎርሳል፣ «ጠገብኩ፣ ይመስገነው» ብሎ ይነሳል። በፊቱ ያለው ወጥ አልቆ ደረቁን ሲበላ አይቼዋለሁ እንጂ ጨምሩልኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሌላ ቀዳዳ ሲበሳ ደርሼበታለሁ። ደጋ ላይ ሙሉ ማሳ ድንች ቆፍሮ የሚበላ ሰውዬ!

እና ያን ጠዋት እማማ «ገብስማዋን እሰሪያት፣ ውጭ ውጭ እንዳትል» ብለውኝ ገባሁ። ያዝኳት፣ እግሯን በገመድ ቋጠርኩ። ስቋጥር ጣቴ አንድ ነገር ነካ፤ ከተረከዟ ከፍ ብሎ ምስር የምታህል ጠንካራ ነገር አብጣለች። ሌላውንም እግር አየሁ፣ እሱም ላይ አለ። የአንገቷን ላባ ገለጥ አደረግሁ። የሴት ላባ ጫፉ ክብ ነው፤ ይሄ እንደ ጤፍ ቅጠል የሾለ ነው። እኔም እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ። «አንተ!» አልኩት በሹክሹክታ። አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ላባው ገብስማ ሆኖ ሴት አስመስሎት እንጂ እግሩ ላይ የአውራ እሾህ እያበቀለ ያለ ወንድ ነው። ወንድ ደግሞ ቢጮህ ሥራው ነው፣ ምን ሟርት አለው?

ደስ ሊለኝ ሲገባ እዚያው በኩሱ መሃል ቁጭ አልኩ። ወንድ ነው ካልኩ ዶሮው ይተርፋል፣ አባቴ ግን ዋሽቶ የገባ ሽማግሌ ይሆናል፤ ያውም በልጁ አማት ፊት፣ ያውም ጌጥነሽ እያለች። ዝም ካልኩ ዶሮው ይታረዳል፣ አባቴም ሟርት ይዞ የገባ ሽማግሌ ይሆናል። በየትም በኩል ቢዞር የሚጎዳው እሱ ነው። ስጋው ሁለት ጉርሻ የማይሞላ ዶሮ አንድ ሰው ከቤት ሊያስወጣ!

ቢሆንም ልሞክር ብዬ እማማ ጋ ሄድኩ። ጥጥ እያባዘቱ ነበር። «እማማ፣ ያቺ ዶሮ ... ድምጿ ወፍራም አልመሰለዎትም? ምናልባት እኮ...» አልኩ። ጨርሼ አልተናገርኩም፤ «ያምሮት፣ ሴት ናት ብያለሁ ሴት ናት!» አሉ። ዓይናቸውን ከጥጡ አላነሱም። ጌጥነሽ በራፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት መላጥ ጀምራለች፤ ሽንኩርት ኪሎው እሳት በሆነበት ዘመን ሙሉ ሳህን ሞልታለች። «ሴት ናት እንጂ፣ በዓይኔ በብረቱ!» ብላ ጨመረችበት። በዚያች ሰዓት ስለ እማማ ያሰብኩትን ልደብቀው አልችልም። አባቴ እንዲወጣላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። የማርያም ጽዋ ሲጠጡ የሚያለቅሱት ዓይኖች ለዚህ ደረቁ ብዬ አሰብኩ። ልቤ ነደደ፤ በቆሎዬን አዝዬ ወፍጮ ቤት ወጣሁ።

ወፍጮ ቤቱ መብራት ጠፍቶ ሴቱ ሁሉ በየጆንያው ላይ ተቀምጧል። ወሬው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ዛሬ መኪና አለፈ አላለፈም ነው። መብራቱ እስኪመጣ ብዬ ጨው ልገዛ ወደ መናኸሪያው በኩል ወረድ ስል፣ የፈረስ ቤት መኪና የሚጭነው ልጅ፣ ክንዱ፣ ከሩቅ ጠራኝ። «እትዬ ያምሮት! አባባን ንገሪያቸው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ በጠዋት እንወጣለን፣ የፊቱን ወንበር ይዤላቸዋለሁ።» የቱን አባባ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አባቴ ያን ጠዋት እሺ ካለ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብሎ ነበር የወጣው። ክንዱ ፊቴን አይቶ «አልነገሩሽም እንዴ?» አለ። «ነግሮኛል» አልኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ውሸታም ሆኖ አረፈው።

ጨውንም ወፍጮውንም ረስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ ሰርቢሱ ደጃፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ቢላዋ ይስላል። ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ይስላል፣ በአውራ ጣቱ ይሞክራል፣ ደግሞ ይስላል። ያችን ለምታክል አንገት ምላጭ ይበቃ ነበር። በበሩ ውስጥ አልጋው ላይ ጨርቁ ተቋጥሮ አየሁ፤ ዳዊቱ ከላይ ተቀምጧል። ጎኑ ቁጭ አልኩ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ዶሮው ወንድ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ለምን አልነገርከኝም፣ ለምን ልትሄድ ነው፣ እዚያ ማን አለህ፣ እናቴ የለች፣ ጣራው ያፈሳል። አንዱም አልወጣልኝም። የወጣልኝ «አባዬ፣ ሻይ ላምጣልህ?» የሚል ነው። «ጠጥቻለሁ» አለ። አልጠጣም፤ ሻዩን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

«ሰኔ መጣ» አለ ትንሽ ቆይቶ። «አራሹ ብቻውን አይችለውም። መሬቱን ልየው ብዬ ነው።»

«በዚህ ጉልበትህ?»

«ጉልበት እኮ አገሩ ሲገባ ይበረታል።»

«ዶሮውስ?» አልኩት። ዶሮዋ አላልኩም። ቢላዋው ድንጋዩ ላይ ቆመ። አላየኝም። «እሺ ብያለሁ» አለና መሳሉን ቀጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለካ ለኛ ቤት ነው። እኔ ማወቄን አወቀ፣ እኔም ማወቁን አወቅሁ፤ ሁለታችንም ግን ሰማዩን አይተን ማታ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም ተባባልን።

ዝናቡ አልጣለም፤ ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እማማ በርጩማቸውን አውጥተው ዶሮ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ቆጥ መያዝ ጀምረዋል። ሁለቱ ድንክ እህቶቹ ግን አልገቡም፤ የታሰረው ወንድማቸው ዙሪያ ቲው ቲው እያሉ ይመላለሳሉ። ጌጥነሽ ውሃ አፍልታለች፣ ሳፋ አቅርባለች፣ ሽንኩርቱን ከትፋ ጨርሳለች። አባቴ ጋቢውን አውልቆ አጣጥፎ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በርከክ አለ። እኔ የዶሮውን ክንፍና እግር ያዝኩ። ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«በስመ አብ» አለ አባቴ። ቆመ። «በስመ አብ ወወልድ...» ደግሞ ቆመ። የሚያርድ ሰው የፈጣሪን ስም ሳይጠራ ቢላዋ አያሳርፍም፤ ያልተጠራበት ስጋ አይበላም። ጌጥነሽ «ምነው አባባ፣ እጅዎ ከበደዎት?» አለች። ዞሬ ሳየው አባቴ ቢላዋውን አፈሩ ላይ አስቀመጠው።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ስሙን እየጠራሁ መዋሸት አልቻልኩም። ይሄ ዶሮ ወንድ ነው። ሳመጣውም ወንድ መሆኑን አውቅ ነበር። አውራ እንዳይመጣ ማለትዎ ደርሶኛል። ሦስቱ ደግሞ የእህተ ማርያም ናቸው፤ አንዱን ነጥዬ ለማን ልስጠው? ሴት ነው ብዬ ለልጄ ዋሸሁ፣ እሷም ሳታውቅ ለእርስዎ ዋሸች። ቤታችሁ ላይ ምንም ሟርት የለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ በጠዋት መኪና አለ፣ እሱንም ይዤው እሄዳለሁ።»

እኔ እማማን ነው የማየው። እማማ አደይ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«መሄዴን?»

«መሄድዎን አሁን ሰማሁ። ወንድ መሆኑን ነው የማውቀው። ከፋሲካ ወዲህ አውቃለሁ። በየማታው ቆጥ ላይ የማወጣው እኔ፣ እግሩን የምዳስሰው እኔ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ሳረባ ኖሬ ወንድና ሴት ሊጠፋኝ ነው?»

በዚህ ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ዶሮውን እንዳቀፍኩ ብድግ አልኩና ባገባሁ በዚህ ሁሉ ዓመት ጮኼባቸው የማላውቀውን ሴትዮ ጮኽኩባቸው። «ታዲያ ለምን ይታረድ አሉ? አባቴ ቢላዋ ሲስል ሲውል እያዩ እንዴት አስቻለዎት?»

«እሷ ሰማቻ!» አሉ በከዘራቸው ጌጥነሽን እያሳዩ። «ቀድማ ሴት ጮኸች ብላ ለፈፈች። ወንድ ነው ብል የያምሮት አባት ዋሽተው ገቡ ተብሎ እስከ እሑድ ዕድርተኛው ሁሉ ሊያወራው ነው። ሰው ከሚዋረድ ዶሮ ይሙት አልኩ። አንቺስ? ጠዋት ስታስሪው አላወቅሽም? ድምጿ ወፈረ ስትዪኝ የመጣሽበት አልገባኝም?»

«አውቄያለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አባቴን ላዋርድ?»

«ይኸው!» አሉ እማማ።

ጌጥነሽ ግራ ቀኝ አየችን። «እንዴ፣ ታዲያ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ? የከተፍኩት ሽንኩርትስ?» አለች፣ ከልቧ አዝና። መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳሁት እኔ ነኝ። እማማም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ እንደተንበረከከ ነው። እማማ ይህን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ፤ እንዲያውም ተቆጡ።

«እርስዎ ሰውዬ፣ ወንድ ነው ቢሉኝ ኖሮ አስወጣዎት ነበር? ይህን ያህል ክፉ ሆኜ ነው የታየሁዎት?»

«ክፉስ አይደሉም» አለ አባቴ። «የሰው ቤት ነው እሜቴ። ሰው በሰው ቤት ይፈራል።»

ይህን ሲል ድምፁ እንደ ሰላምታ ተራ ነበር። ቀዩ አውራ ከውስጥ ቆጡ ላይ ቦታውን ሲያስተካክል ይሰማል። ከዚያ እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ለዶሮዎቹ አመድ ነሰነስኩ፣ ሽቦ አጠርኩ፣ ጎመን አንጠለጠልኩ። ይኸው ለመዱልኝ» አሉ። «እርስዎን በምን ላላምድዎ? ይንገሩኝ እስቲ፣ ለእርስዎም ጎመን ላንጠልጥል?»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ ከከንፈሩ ዳር ጀምሮ ተፈታ፤ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ድንገት ዓይኔ እንባ ሞላ፣ በዶሮው ላባ አሳበብኩ። «ቀዩስ ቢጣላው?» አለ አባቴ እየተነሣ። «ቀዩ እስካሁን አልነካውም፤ ከተነካኩ እኔ አለሁ» አሉ እማማ። «ይልቅ አያ ገነነ፣ መሸብን። የኔ ጉልበት ለመሰላሉ እንቢ ብሏል፤ ከዛሬ ጀምሮ ቆጥ ማውጣቱ የእርስዎ ሥራ ነው።» አያ ገነነ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። አባቴ ገመዱን ፈታለት። መሰላሉ ላይ በቀስታ ወጣና ገብስማውን ነጯ ዶሮ ጎን አስቀመጠው፤ እህቶቹን ደግሞ አንድ በአንድ አቀበልኩት።

ወንዳወቅ በግሪስ ተለውሶ ሲገባ ጌጥነሽ በሩ ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነግራው ነበር፤ ልማዷ ነው፣ ምን ይደረግ። ለወትሮው ሲነገረው ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። እጁን ታጥቦ ገበታው ላይ ሲቀመጥ ግን «ክንዱን ስመጣ መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ነገረኝ» አለ አባቴን ሳያይ፤ «የፊቱን ወንበር ለሌላ ሰው ስጠው ብዬዋለሁ። ስህተት ከሆነ ሄጄ ልመልስ?» አባቴ ወደ ገበታው ጠጋ አለ።

ራታችን ሽሮ ነው። ጌጥነሽ «ለኔ ምን ያደርግልኛል» ብላ የከተፈችውን ሽንኩርት ሁሉ ሰጥታኝ ስለነበር፣ ከበዓል ወዲህ እንዲያ ሽንኩርት የጠገበ ሽሮ ቤታችን አልተሠራም። እሷንም ጠራኋት፣ መጥታ ከዳር ተቀመጠች። እማማ ባርከው ቆረሱ። ወሬው ወደ ቡሬ መንገድ ሄደ፣ ወደ ማዳበሪያው ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። እኔ ግን የአባቴን እጅ ነው የማየው። አንዴ ጎረሰ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አሁን ጠገብኩ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አራተኛ ጎረሰ። በፊቱ ያለውን ወጥ ጠራርጎ ጨረሰና ደረቁ ላይ ደረሰ። እጁን ሰበሰበ። እማማ ማውራታቸውን አላቆሙም፤ ዓይናቸው ግን እንደኔው እሱ ላይ ነው።

«ያምሮት» አለ አባቴ፣ ጮክ ብሎ። «ወጥ ጨምሪልኝ።»

ድስቱን ላመጣ ተነሣሁ።